ጆዳንን መማር፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ኬንዶ የጃፓኖች የሰይፍ ግጥሚያ ነው። የምንመታበት ሰይፍ ሺናይ ይባላል፤ ከ4 የቀርከሃ ስንጥቆች ይሠራል። ጆዳን ደግሞ ሺናዩን ከራስ በላይ አንስቶ መቆም ነው። እኔ በጆዳን መለማመድ ከጀመርኩ 9 ዓመት ሆነኝ። ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጠየቃችሁኝ። በተራ እንሂድ።

ጥ፦ ኬንዶ ከጀመርኩ 8 ወሬ ነው። ጆዳን በጣም ወድጄዋለሁ። አሁን ብጀምርስ?

መ፦ ትንሽ ታገስ ወንድሜ። መጀመሪያ ቹዳን ይደላደል። ቹዳን ሺናዩን ከፊት ይዞ ጫፉን ወደ ተጋጣሚው ጉሮሮ የማቅናት አቋም ነው። በቹዳን ግራ እጅህ መሀል ላይ መቀመጥን ይማራል። ጆዳን ሙሉ በሙሉ በዚያ ግራ እጅ ላይ የቆመ ነው። ግራ እጁ ያልሠለጠነ ሰው ሺናዩን ሲያነሳ ሁሉን ነገር በቀኝ እጁ መጎተት ይጀምራል። ይህ ልማድ ከገባ ማውጣቱ ጭንቅ ነው። ብዙ አስተማሪዎች ተማሪው 2ኛ ወይም 3ኛ ዳን (የጥቁር ቀበቶ ዓይነት ማዕረግ) እስኪደርስ የሚያቆዩት ለዚህ ነው።

ጥ፦ ጋሼ፣ አቋሙን ደረጃ በደረጃ ቢነግሩን?

መ፦ የተለመደው የግራ ጆዳን ነው። ግራ እግር ከፊት፣ ቀኝ እግር ከኋላ፣ የቀኝ ተረከዝ በትንሹ ከመሬት ከፍ ይላል። ግራ ጭብጥህ ከግንባርህ በላይ አንድ ጭብጥ ያህል ከፍ ብሎ፣ ያንኑ ያህልም ወደ ፊት ወጣ ይላል። ሺናዩ ወደ ኋላ 45 ዲግሪ ያህል ያዘነብላል፤ ጫፉ በጥቂቱ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ተጋጣሚህን በክንዶችህ መካከል ታየዋለህ።

ትልቁ ስህተት ትከሻ ላይ ነው። መስታወት ፊት ቁምና እየው። ትከሻህ ወደ ጆሮህ ከወጣ እጅህን አውርደህ፣ ተንፍሰህ፣ እንደገና አንሳ። ክርኖችህን አታጥብብ፤ ደረትህ ይከፈት።

ጥ፦ ጆዳንን "የእሳት አቋም" የሚሉት ለምንድን ነው?

መ፦ ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። በቹዳን የሺናይህ ጫፍ እንደ አጥር ነው። ተጋጣሚው ሊገባ ቢል መጀመሪያ ያንን ጫፍ ማለፍ አለበት። በጆዳን አጥሩን ራስህ አነሳኸው። ጉሮሮህ፣ ጎንህ፣ ሁለቱም ኮቴዎችህ ተጋልጠዋል። (ኮቴ ሲባል የእጅ አንጓ ነው፤ ከፈረስ ኮቴ ጋር አይምታታባችሁ።) ታዲያ ሰውየውን ምን ይመልሰዋል? "ከተንቀሳቀስኩ አሁኑኑ ይመታኛል" የሚል ስሜት ብቻ፤ እሳት ፊት እንደቆመ ሰው። ያ ስሜት እንዲኖረው አንተ በእርግጥ ለመምታት የቆረጥክ መሆን አለብህ።

እኔ የመጀመሪያውን ዓመት በሙሉ ወደ ኋላ ስሸሽ ነው ያሳለፍኩት። ሺናዩ ከራሴ በላይ ነው፣ እግሬ ግን ይሸሻል። አንድ ቀን አስተማሪዬ ልምምዱን አስቁመው "የምታፈገፍግ ከሆነ አውርደው" አሉኝ። ሦስት ወር በቹዳን ብቻ ቆየሁ። ስመለስ ጆዳኔ ሌላ ሆኖ ነበር። እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

ጥ፦ በታላላቆች ላይ ጆዳን ማንሳት ነውር ነው የሚባለው እውነት ነው?

መ፦ በጃፓን ልማድ አዎ፣ እንደ ድፍረት ይታያል። በእኛ ዘንድ ታላቅ ሰው ፊት እግር አነባብሮ እንደመቀመጥ አስቡት። ስለዚህ ከማንሳትህ በፊት "ጎቡሬይ" ትላለህ፤ "ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ" እንደማለት ነው። በውድድር ሜዳ አይጠበቅብህም። በልምምድ ላይ ግን አትርሳው። አንዳንድ አስተማሪ በእሱ ላይ ጆዳን እንዲነሳ ጨርሶ አይፈልግም፤ ያንንም አክብር።

ጥ፦ ቁመቴ 1.58 ነው፣ ጉልበትም የለኝም። ለእኔ ይሆናል?

መ፦ ይሆናል እህቴ። ረጅም ሰው ብልጫ እንዳለው አልክድም፤ በአንድ እጅ ሲመታ ክንዱ ሩቅ ይደርሳል። የአዋቂ ሴቶች ሺናይ ርዝመቱ እንደ ወንዶቹ እስከ 120 ሳንቲ ሜትር ነው። ዝቅተኛው ክብደቱ ግን 440 ግራም ነው፤ የወንዶቹ 510 ግራም። ቀለል ያለውን ይዘሽ ጀምሪ። ስትመቺ ቀኝ እጅሽ ሺናዩን ገፍቶ ይለቃል፣ ግራው ይዞት ይሄዳል። ጉልበቱ ከእግርና ከወገብ ነው የሚመጣው።

ጥ፦ ጆዳን የያዘ ሰው ሲገጥመኝ ግራ ይገባኛል። ምን ላድርግ?

መ፦ የሺናይህን ጫፍ ከጉሮሮው አንስተህ ወደ ግራ ጭብጡ አቅና። የኬንዶ ካታ (ሁለት ሰው የሚሠራው የተወሰነ የእንቅስቃሴ ቅደም ተከተል) 5ኛውን ተለማመድ፤ አንዱ በግራ ጆዳን ይመጣል፣ ሌላው ልክ እንዲህ ሆኖ ይጠብቀዋል። ካታን ለፈተና ብቻ የሚያጠና ሰው ይህን ሀብት ያልፈዋል። ደግሞ አስታውስ፦ ቹዳን ላይ ነጥብ የሚሆነው የቀኙ ኮቴ ነው፤ ጆዳን ላይ የግራውም ይቆጠራል። ዝም ብለህ ቆመህ ግን አትጠብቅ። ለጆዳን ምቹ የሆነ ርቀት ላይ ፈዞ የሚቆም ሰው ይመታል።

ጥ፦ በዚህ አቋም ትልቅ ውድድር ያሸነፈ አለ?

መ፦ አለ እንጂ። ቶዳ ታዳኦ በ1962 እና በ1964፣ ቺባ ማሳሺ ደግሞ በ1966፣ በ1969 እና በ1972 የመላው ጃፓን ሻምፒዮና አሸንፈዋል። ሁለቱም የጆዳን ሰዎች ናቸው።

ጥ፦ ጆዳን ከጀመርኩ ወዲህ ቀኝ ባቴን ያመኛል። ምን ይሆን?

መ፦ በቹዳን የሚገፋው ግራ እግርህ ነበር፤ አሁን ቀኙ ሆነ። ጅማቱ ገና አልለመደውም። ከተረከዝህ በላይ ያለው ጅማት በኬንዶ ተጫዋቾች ላይ የሚበጠስ ነው፣ ቀላል አድርገህ አትየው። ሕመሙ እስኪለቅህ ዝለል አትበል፣ ካልተሻለህ ሐኪም ጋ ሂድ።

ጥ፦ ቤት ውስጥ በየቀኑ ምን ልሥራ?

መ፦ በግራ እጅ ብቻ ሱቡሪ፣ ማለትም የአየር ላይ ምት። በ20 ጀምር። ሺናዩ በራስ ቁር ከፍታ ላይ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፤ መንቀጥቀጥ ሲጀምር አቁም። ክርንህን በኃይል አትቀርቅረው፤ የክርን ሕመም የሚመጣው ከዚያ ነው። ከመጀመርህ በፊት ደግሞ ቀርከሃውን በጣትህ ዳስሰው። የተሰነጠረ ካለ ያን ቀን በእሱ አትምታ።