እናት በጎቼን ልሽጣቸው?

ጥያቄ፦ እህቴ፣ የምጽፍልሽ ከመንዝ፣ ከሞላሌ ነው። ትልቋ ልጄ በእግዚአብሔር ፈቃድ የ12ኛ ክፍልን ፈተና አልፋ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ተመድባለች። ደስታዬን ሳልጨርስ የጎረቤቴ ልጅ፦ «እዚያ የዕዳ ውል ያስፈርሟታል፤ ካልከፈለች ዲግሪዋን ይይዙታል። ቀድሞ ለከፈለ ግን ቅናሽ አለው» አለኝ። እኔ ከሰው ተበድሬ አላውቅም። ስድስት እናት በጎችና ሁለት ሙክት አሉኝ። ሸጬ አሁኑኑ ልገላግላት?

መልስ፦ ጋሼ፣ እንኳን ደስ አለዎት። እናት በጎቹን አይሽጡ።

የጎረቤትዎ ልጅ የነገረዎት ውሸት አይደለም፤ ግን ግማሹን ነው የነገረዎት። ነገሩ ወጪ መጋራት ይባላል፤ ተማሪዎቹ ኮስት ሼሪንግ ይሉታል። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ የምግቡንና የመኝታውን፣ ከትምህርቱም ወጪ ከፊሉን ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ሊከፍል ይፈርማል። የሚከፈለው ከእርስዎ ጎተራ አይደለም፤ ከእሷ ደመወዝ ነው። ቀጣሪዋ በየወሩ ቢያንስ 10 በመቶ እየቆረጠ ለገቢዎች ያስገባል። ለምሳሌ ዕዳዋ 30,000 ብር፣ ደመወዟ 9,000 ብር ቢሆን፣ በወር 900 ብር ይቆረጣል፤ ሦስት ዓመት ሳይሞላ ያልቃል። እኔ ደብረ ብርሃን የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ የወጣቶችን ደመወዝ ስሠራ ይህን ተቀናሽ በየወሩ አየዋለሁ።

ቅድሚያ ለሚከፍል ቅናሽ መኖሩም እውነት ነው፤ የተረፈ ገንዘብ ላለው ይጠቅማል። እርስዎ ግን ጥሪትዎን ነው የሚያወጡት። እናት በግ ትወልዳለች። እኔ በ1998 ስፈርም ተራራ መስሎ የታየኝ ብር፣ ደመወዜ ከፍ ሲል እየቀለለኝ ሄደ። ታናናሾቿም ገና ደብተርና ጫማ ይፈልጋሉ።

እኔን ያቃጠለኝ ዕዳው ሳይሆን ወረቀቱ ነው። ውሉን በየዓመቱ ስፈርም አንድም ኮፒ አላስቀረሁም። መጀመሪያ የተቀጠርኩበት መሥሪያ ቤት ከደመወዜ ሲቆርጥ ቆየ፤ ዋናውን ዲግሪዬን ላወጣ ስሄድ ግን የተቆረጠው ገቢ ስለመሆኑ ማስረጃ ጠፋ። በእጄ የነበረው ጊዜያዊው ዲግሪ ብቻ ነው። አራት ወር ከቢሮ ቢሮ ተመላለስኩ፤ የተመኘሁት የሥራ ማስታወቂያም በዚያ መሀል አለፈ። እባክዎ ለልጅዎ ይህን ይንገሩልኝ፦ በፈረመች ቁጥር ኮፒ ታስቀር፣ በስልኳም ፎቶ ታንሳው። ሥራ ስትይዝም የተቆረጠላት ገቢ የሆነበትን ደረሰኝ በየጊዜው ትጠይቅ።

ስትመዘገብ ካፌ ነሽ ወይስ ነን ካፌ ብለው ይጠይቋታል። ካፌ ማለት ግቢ ውስጥ መመገብ ነው፤ ነን ካፌ የምግቡን ብር በየወሩ በእጅ መቀበል። ብሩ ስጦታ አይምሰላት፤ እሱም ውሉ ላይ ይገባል። በመጀመሪያው ዓመት ካፌ ብትሆን እመርጣለሁ። እኔ ነን ካፌ ሆኜ ብሩ ሲዘገይ ከጓደኞቼ እየተበደርኩ በልቻለሁ፤ በተራበ ሆድ ፈተና ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ።

አሁን ገንዘብ የሚያስፈልገው ለመንገዱና ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ነው። ከሞላሌ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያ 130 ኪሎ ሜትር አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ ደግሞ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገድ ላይ ማደር ቢመጣስ ብለው ይያዙላት። አንሶላ፣ የሎከር ቁልፍ፣ የሃንድአውት ኮፒ፣ ሳሙና አለ። አባት ስለሆኑ አፍራ የማትነግርዎት የሞዴስ ወጪም በየወሩ አለ፤ እናቷ ትጠይቃት። ባናውን ተዉት፤ አርባ ምንጭ ቆላ ነው፣ ለወባው አጎበር ይበጃታል። በሶና ቆሎ ግን ያሸክሟት፤ ማታ ማታ ስታጠና ትፈልገዋለች።

ብሩን በአንድ ጊዜ አይስጧት። በስሟ የባንክ ሒሳብ ይከፈትላትና በየወሩ ትንሽ ትንሽ ይላኩላት፤ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ከእጅዎ የበላች ልጅ ብር ማብቃቃት የምትማረው እንዲያ ነው።

ስለዚህ አንዱን ሙክት አሁን ለመንገዷ ይሽጡት። ሁለተኛውን ዋጋ በሚያወጣበት በገና ሰሞን ገበያ ያውጡት፤ ያ ለሁለተኛው መንፈቅ ይሆናታል። ጉዞዋ በደብረ ብርሃን ስለሆነ ከመሄዷ በፊት በዝግጅት ክፍሉ በኩል ትጠይቀኝ፤ የውሉን ቅጽ አብረን መስመር በመስመር እናነበዋለን።