የመስቀል ወፍ የት ነው የምትከርመው? እና ሌሎች የወፍ ጥያቄዎች

«ስለ ወፍ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ» ካልኩ ወዲህ ስልኬ እረፍት አጥቷል። ባይኖኩላር አንጠልጥዬ በየረግረጉ ስዞር ብዙ ጊዜ የምጠየቀው «ምን ጠፍቶብህ ነው?» ተብዬ ነው። የእናንተ ጥያቄ ይሻላል። የተደጋገሙትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ።

የመስቀል ወፍ መስከረም ካለፈ በኋላ የት ትሄዳለች?

የትም። ልብሷን ነው የምትቀይረው። እንዲያውም «ልብሱን» ማለት ይሻላል፤ የሚያሸበርቀው ወንዱ ነውና። የመስቀል ወፍ የሚባለው እንደየአገሩ ይለያያል። አንዱ ጋ ቢጫና ጥቁር ነው፣ ሌላው ጋ ቀይና ጥቁር፣ ሌላ ጋ ደግሞ ጅራተ ረጅም። ጠባያቸው ግን አንድ ነው። ዝናብ ሲመጣ ወንዱ ያጌጣል። ጫጩት የማሳደጊያው ጊዜ ሲያልቅ ጌጡን አውልቆ እንደ ሴቷ ቡናማ ይሆናል። ከዚያ ከመንጋው ጋር ተቀላቅሎ እህል ሲለቅም ድንቢጥ መስሎን እናልፈዋለን።

አንድ ሐምሌ ሱሉልታ አጥር ላይ ግማሹን የለበሰ አይቻለሁ። ጥቁሩ ደረቱ ላይ ገና አልሞላም፤ በየመሀሉ ቡናማ ላባ ጣል ጣል ብሎበታል። ቀለም ቀቢ ጀምሮት የሄደ ግድግዳ ነው የሚመስለው። እሱ ግን ምን ተዳው፣ ላባውን ነፍቶ ይጨፍራል።

ቢጫና ጥቁሩን ዓይነት ኅዳር ላይም መለየት ይቻላል። ብር ሲል ከጅራቱ በላይ ያለውን ወገቡን እዩ። እዚያ ያለችው ቢጫ ዓመቱን ሙሉ አትለቅም።

«የመስቀል ወፍና የአደይ አበባ፣ ቀጠሮ አላቸው መስከረም ሲጠባ» የምንለው ታዲያ ልክ ነው። እሱ ግን የሚቀጣጠረው ከሣሩ ጋር ይመስለኛል። ሣሩ ረዝሞ ጎጆ የሚሸሽገውና ፍሬ የሚይዘው ያኔ ነው።

ጋሼ፣ አንድ ጽሑፍ ላይ «ክረምቱን ኢትዮጵያ የሚያሳልፉ ወፎች» የሚል አንብቤ ሐምሌ ላይ ሄድኩ። በጭቃ ተለውሼ ባዶ እጄን ተመለስኩ።

አይዞህ፣ የትርጉም ጣጣ ነው። የአውሮፓ ክረምት ብርድ ነው፣ የእኛ ክረምት ዝናብ። እነሱ ጋ ሲበርድ ሸሽተው የሚመጡት እኛ ጋ በበጋ ነው። ሐምሌ ላይ የሄድክባቸው ወፎች ያኔ ሩሲያና ፖላንድ ውስጥ ልጅ እያሳደጉ ነበር።

በግርድፉ እንዲህ ያዘው። ነሐሴ ሲጋመስ በውሃ ዳር ጭቃ እየወጉ የሚለቅሙት ቀጫጭን እግር ያላቸው ወፎች ይቀድማሉ። መስከረምና ጥቅምት፣ ሆዳቸው ቢጫ የሆነ፣ ጅራታቸውን ከፍ ዝቅ የሚያደርጉ ትንንሽ ወፎች ሜዳውን ይሞሉታል። በከብት እግር ሥር እየተሹለከለኩ የሚነሳውን ዝንብ ይለቅማሉ። ጥቅምትና ኅዳር ንስሮችና ክሬኖች (አንገተ ረጅም፣ እግረ ረጅም ትልልቅ ወፎች) ይገባሉ። መጋቢትና ሚያዝያ አብዛኛው ጓዙን ጠቅልሎ ይመለሳል።

ታዲያ ክረምት ላይ ቤት ልቀመጥ?

በፍጹም! በዓለም እጅግ ብርቅ ከሆኑት አንዷ ክረምት ላይ ነው እዚህ የምትፈለፍለው። ነጭ ክንፍ ያላት፣ ከድንቢጥ ብዙም የማትበልጥ የረግረግ ወፍ ናት። በአዲስ ዓለም አቅራቢያ በርጋ የተባለ ረግረግ አለ፤ ሣሩ በውሃ ሲዋጥ እዚያ ትገባለች። ለአካለ መጠን የደረሱት በዓለም ላይ 250 እንደማይሞሉ ይገመታል። ከኢትዮጵያ ሌላ በደቡብ አፍሪካም ታይታለች።

ግን ልለምናችሁ፦ ረግረጉ ውስጥ አትግቡ። ጎጆዋ መሬት ላይ፣ ሣር ሥር ነው። ፎቶ ፍለጋ የገባ ሰው እንቁላል ረግጦ መውጣቱን እንኳ አያውቅም።

እስራኤል ነው የምኖረው። ሁላ ሸለቆ በብርድ ጊዜ በክሬን ይሞላል። እነዚህ ወፎች አገር ቤት ይደርሳሉ?

አንዳንዶቹ አዎ። ሩሲያ ውስጥ መከታተያ የታሰረላቸው ክሬኖች ከፊሉ እስራኤል ሲቀሩ ከፊሉ ኢትዮጵያ ድረስ ዘልቀዋል። ሁላ ላይ ማሳ እንዳያበላሹ በቆሎ ይበተንላቸዋል። የተዘጋጀ ማዕድ ያገኘ ምን ሊሆን ሰሐራን ያቋርጣል?

የእኛን ማየት ከፈለግሽ ለገና ስትመጪ ወደ ጣና ዳርቻ ውጪ። ቀን ከታጨደ ማሳ ላይ ቅሪት ይለቅማሉ። ማታ አውሬ እንዳይደርስባቸው ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ። ስለዚህ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ውሃው ዳር ጠብቂ። ከማየትሽ በፊት ድምፃቸውን ትሰሚያለሽ፤ ከሩቅ እንደ ጥሩንባ ነው።

ክሬንና ሽመላ ሲበሩ ያምታቱኛል።

ክሬን ይጮሃል፣ ሽመላ ዝም ይላል።

ንስሮች ቀይ ባሕርን እንዴት ያልፋሉ?

በጠባቡ በኩል፣ በባብ ኤል መንደብ። ንስር ክንፉን ብዙ አያራግብም፤ ከመሬት በሚነሳ ሞቃት አየር ላይ ተንሳፍፎ ነው የሚጓዘው። ባሕር ላይ ያ አየር እንደ የብሱ አይገኝም። ስለዚህ የመን ዳር ከፍ ብሎ ወጥቶ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ተንሸራቶ ጅቡቲ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1987 መኸር እዚያ የቆጠሩ ሰዎች ወደ ሩብ ሚሊዮን የሚጠጉ አዳኝ አሞሮች ሲያልፉ መዝግበዋል።

እግሩ ላይ ቀለበት ያለው ወፍ ሞቶ አገኘሁ። ጎረቤቶቼ «የስለላ ነው» አሉ።

እ.ኤ.አ. በ2013 ግብፅ ውስጥ አንድ ሽመላ በዚሁ ተጠርጥሮ ታስሯል፤ ጎረቤቶችህ ብቻቸውን አይደሉም። ቀለበቱ ላይ ቁጥርና የአገር ወይም የተቋም ስም አለ። ፎቶ አንሳው፣ ቦታውንና ቀኑን ጻፍና ወደዚያ ላክ። የሞተ ወፍ በባዶ እጅ አትንካ።

ምን ዓይነት ባይኖኩላር ልግዛ?

8 በ42። ስምንቱ የሚያቀርብበት ነው፣ 42ቱ የፊት መስታወቱ ስፋት በሚሊ ሜትር። 20 እጥፍ ያቀርባል የሚልህን ነጋዴ እለፈው፤ በእጅ ተይዞ ይንቀጠቀጣል። ደግሞ የመሥሪያ ቤት አጥር አጠገብ አታውጣው። እኔ ለአንድ ጥበቃ ወፍ እያየሁ መሆኔን ሳስረዳ ወፏ ሄዳለች።

እስከዛሬ ያመለጠህና የሚቆጭህ ወፍ?

ከሶሪያ ይመጣ የነበረው። መላጣ ጋጋኖ እንበለው። ከመካከለኛው ምሥራቅ ጠፋ ከተባለ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2002 ፓልሚራ አጠገብ ጥቂቶች ተገኙ። በ2006 መከታተያ ታሰረላቸውና ሳተላይቱን ቢከተሉት በጋውን የሚያሳልፉት የእኛ ደጋ ላይ ሆኖ ተገኘ። እረኛው በየቀኑ በአጠገባቸው እያለፈ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ቁጥራቸው እየመነመነ ሄደ።

እኔ የማውቀውን ጋጋኖ እንኳ፣ ጠዋት ጠዋት ጣራችን ላይ እየተንጫጫ የሚያልፈውን፣ ስንቴ ሳላየው አልፌዋለሁ። አሁን የጋጋኖ መንጋ መስክ ላይ ባየሁ ቁጥር አንድ በአንድ እቆጥራለሁ። ክንፉ ላይ ነጭ ካለው የእኛው ነው። ነጭ የሌለው፣ ራሱ ላባ አልባና ቀይ የሆነ ካጋጠማችሁ እባካችሁ ሌሊትም ቢሆን ደውሉልኝ።