የልስን ሥራ በሰብ ከመያዝዎ በፊት ለይተው ሊያውቋቸው የሚገቡ የውል ቃላት

ወንድሜ፣ የፎቅ ሕንፃ የልስን ሥራ በሰብ፣ ማለትም ከዋናው ተቋራጭ ሥር በንዑስ ተቋራጭነት፣ ሊይዙ መሆኑን ገልጸው፣ ከመፈረምዎ በፊት የትኞቹን የውል ቃላት ለይተው ማወቅ እንዳለብዎ ጠይቀዋል። ለዓመታት ለዋና ተቋራጭ የሥራ መጠን ስለካ ቆይቼ ኋላ ራሴ የማጠናቀቂያ ሥራ በሰብ ይዤ ስለሠራሁ፣ ከሁለቱም ወገን ያየሁትን ልንገርዎ።

ከሁሉ አስቀድመው «በካሬ» የሚለውን ቃል ይመርምሩ። ቀላል ይመስላል፤ እኔን ግን ከሁሉም በላይ ያከሰረኝ እርሱ ነው። ዋናው ተቋራጭ ለአማካሪው መሐንዲስ የሚያቀርበው ቴክ ኦፍ (የሥራ መጠን ልኬት ሰነድ) የተጣራውን ልኬት ስለሚይዝ የበርና የመስኮት ክፍተት ይቀነሳል፤ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የፊዲክ (የዓለም አቀፉ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን) ቀይ መጽሐፍ የተባለው የግንባታ ውል ሰነድ አንቀጽ 12ም የሚከተለው የተጣራ ልኬትን ነው። ይህ ትክክል ነው። ነገር ግን 1.20 በ1.50 ሜትር የሆነ መስኮት 1.80 ካሬ ሲያስቀንስ፣ ግድግዳው 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ካለው በዙሪያው የሚለሰነው ጠርዝ ወደ 1 ካሬ ይጠጋል፤ ጠርዝ ቀጥ አድርጎ ማውጣት ደግሞ ከሜዳው ግድግዳ ይልቅ የባለሙያ ጊዜ ይበላል። በመጀመሪያው ሥራዬ ውሉ ስለ ጠርዝ አንዳች ስለማይል ክፍተቱ ተቀነሰብኝ፣ ጠርዙ ግን አልታሰበልኝም፤ የሠራተኞቹንም ሒሳብ ከኪሴ ከፈልኩ። ስለዚህ ጠርዝ በካሬ ወይም በሜትር እንደሚለካ፣ ልኬቱም እርስዎና ዋናው ተቋራጭ ባላችሁበት ተወስዶ እንደሚፈረም ይጻፍ።

«በእጅ ዋጋ» ማለት ሲሚንቶና አሸዋ ከዋናው ተቋራጭ፣ ጉልበት ከእርስዎ ማለት ነው። መወጣጫውን የሚያቆመውና አሸዋውን አምስተኛ ፎቅ የሚያወጣው ማን እንደሆነ ግን ቃሉ ብቻውን አይናገርም።

«ሪቴንሽን» ከየክፍያው ተቀንሶ የሚቆይ መያዣ ነው፤ ብዙ ጊዜ 5 ከመቶ ስለሆነ ከ1 ሚሊዮን ብር ሥራ 50,000 ብር ተይዞብዎ ይቆያል። በተለመደው አሠራር ግማሹ በጊዜያዊ ርክክብ፣ ቀሪው የጉድለት ማስተካከያው ጊዜ ሲያበቃ ይመለሳል። እዚህ ላይ አጥብቀው ይጠይቁ፦ የማን ርክክብ? ልስን ከቀለም፣ ከሳኒተሪና ከኤሌክትሪክ መግጠሚያ ቀድሞ ያልቃል፤ ውሉ የሕንፃውን ርክክብ የሚል ከሆነ ገንዘብዎ የሌሎችን ሥራ ሲጠብቅ ይኖራል። የራስዎን ሥራ አጠናቀው ካስረከቡበት ቀን እንዲቆጠር ያስጽፉ። «ለዋናው ተቋራጭ ሲከፈለው ይከፈላል» የሚል ሐረግም ካለ፣ ልኬት ከተፈረመ በኋላ ከስንት ቀን እንደማያልፍ ገደብ ይደረግበት።

በመጨረሻ «ተጨማሪ ሥራ» አለ። ኤሌክትሪሺያኑ ያለቀውን ግድግዳ ለቱቦ ሲፈለፍለው ፎርማኑ መጥቶ ይድፈኑልን ይላል። ይህ የእርስዎ ጉድለት አይደለም፤ ሥራው ሳይጀመር፣ በዚያው ቀን፣ ቦታውና መጠኑ የተገለጸበት ትእዛዝ በሳይት መዝገቡ ላይ ተጽፎ ይፈረምልዎ።