የተልባው ክር ስንት ዓመቱ ነው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጣሊያን አገር፣ ቱሪን ከተማ አንዲት አሮጊት እየጦርኩ እኖራለሁ። ሴትየዋ «ጌታ የተገነዘበት ጨርቅ እዚሁ ካቴድራላችን ውስጥ ነው» ይላሉ። ልጃቸው ደግሞ «ሳይንስ ውሸት መሆኑን ከጨረሰ ቆየ» ይላል። እሳቸው «የመረመሩት የተጣፈውን ጠርዝ ነው!» ብለው ይቆጣሉ። እራት በቀረበ ቁጥር ይኸው ነው። ማንኛቸው ናቸው ልክ? ሄጄስ መሳለም እችላለሁ?
እህትዎ ከቱሪን

መልስ፦ እህቴ፣ እራቱ እንዳይቀዘቅዝ ቶሎ ልመልስልሽ። እኔ ከልጅየው ጋር ነኝ። «ውሸት» የምትለዋን ቃል ግን አልወድለትም።

በስቅለት «ዮሴፍ ወኒቆዲሞስ ገነዝዎ ለኢየሱስ በሰንዱናት» ሲባል ሰምተሻል። ጣሊያኖቹም ጨርቁን «ሲንዶኔ» ነው የሚሉት፤ ቃሉ አንድ ነው። የተሰቀለ ሰው ምስል የሚታይበት ይህ ጨርቅ የተሸመነው ከተልባ ነው። እኛ ተልባን በጾም በጥብጠን እንጠጣዋለን እንጂ አንለብሰውም። መጽሐፍ ቅዱሳችን «የተልባ እግር» የሚለው ግን የዚሁ ተክል ግንድ ነው።

31 ዓመት ኬሚስትሪ ስላስተማርኩ እዚህች ላይ ትንሽ ታገሺኝ። ተልባ ማሳ ላይ እያለ ከአየር ካርቦን ይስባል። ከዚያ ውስጥ እጅግ ጥቂቱ ካርቦን 14 የሚባለው ነው። ሲታጨድ መሳቡ ያበቃል፤ የያዘው ካርቦን 14ም ቀስ እያለ ያልቃል። ግማሹ ለማለቅ 5,730 ዓመት ይፈጃል። ጨርቁ የጌታ ዘመን ቢሆን 79 ከመቶ ያህሉ ሊቀረው ይገባ ነበር። የተገኘው ግን 92 ከመቶ ገደማ ነው።

የለኩት ሦስት ቤተ ሙከራዎች ናቸው፤ ኦክስፎርድ፣ ዙሪክና አሪዞና። በ1988 (ዓመቶቼ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ከአንድ ጠርዝ ቀጭን ቁራጭ ተቆርጦ ተከፋፈሉት። ለማመሳከሪያ ዕድሜያቸው የታወቀ ሌሎች ጨርቆችም አብረው ተሰጧቸው። አንደኛው ከኑቢያ፣ ከቀስር ኢብሪም መቃብር የወጣ ነበር። የቱሪኑ የትኛው እንደሆነ እንዳያውቁ ተብሎ ብልቃጦቹ ላይ ቁጥር ብቻ ነበር የተጻፈው። ምን ዋጋ አለው! ሽመናው እንደ ዓሣ አጥንት ስለሆነ ገና ሲያዩት ያስታውቃል። ለማንኛውም ማመሳከሪያዎቹን በትክክል ለኩ። የመግነዙ ተልባ የታጨደው ደግሞ ከ1260 እስከ 1390 ባለው ጊዜ ሆኖ ተገኘ።

ወደ ሴትየዋ ቁጣ ልምጣ። ከመሬት ተነስተው አልተናገሩም። በ1532 ሻምቤሪ በምትባል ከተማ እሳት በልቶት መነኮሳት ጥፈውታል። ሬይመንድ ሮጀርስ የሚባል ኬሚስትም በ2005 የተቆረጠው ጠርዝ ከቀረው ጨርቅ ይለያል ብሎ ጽፏል። ነገር ግን በ2002 ጥገናውን የመራችው የጨርቅ ባለሙያ እዚያ ቦታ ጥፍ የለም ባይ ነች። ሒሳቡም እምቢ ይላል። የአንደኛው ክፍለ ዘመን ጨርቅ የ14ኛው እንዲመስል ከቁራጩ ካርቦን ከግማሽ በላዩ በኋላ የገባ መሆን አለበት። ያ ማለት ቆርጠው የወሰዱት በአብዛኛው ጥፍ ነው ማለት ነው።

ለእኔ ሚዛኑን የደፋው ግን ካርቦኑ ብቻ አይደለም። ጨርቁ ለመጀመሪያ ጊዜ በታሪክ ብቅ የሚለው በ1350ዎቹ፣ ፈረንሳይ ሊሬ በምትባል መንደር ነው። በ1389 የትሯ ከተማ ጳጳስ «ይሄ በሰው እጅ የተሣለ ነው» ብሎ ፈረንሳይ፣ አቪኞን ላይ ለተቀመጠው ተቀናቃኝ ፖፕ ለክሌመንት 7ኛ ጻፈ። ጳጳሱ ያኔ ስለ ካርቦን ምን ያውቃል? ሁለቱ መንገዶች ሳይመካከሩ እዚያው ዘመን ላይ ተገናኙ።

ምስሉ እንዴት እንደተሠራ ግን እስካሁን ያስማማ መልስ የለም። በ1978 የአሜሪካ ተመራማሪዎች 120 ሰዓት መርምረው ቀለም ቅብ አይደለም አሉ። ማክሮን የተባለው የማይክሮስኮፕ ባለሙያ ደግሞ ቀይ አፈር ነው ብሎ ሙጭጭ አለ። «ውሸት» የምትለዋን የጠላሁት ለዚህ ነው። ክሩ ዕድሜውን ተናገረ፤ ሠሪው ምን አስቦ እንደሠራው አልተናገረም። የቫቲካን ሰዎች አንድ ቁራጭ እንደገና ቢፈቅዱ ደስ ባለኝ።

መሳለሙ አይሆንልሽም። ጨርቁ አየር በማያስገባ ሣጥን ተዘግቶበታል፤ ሳጥኑን ከሩቅ ታያለሽ። ይልቅ እዚያው ከተማችሁ ያለው የሲንዶኔ ሙዚየም ሂጂ። ሴኮንዶ ፒያ በ1898 ጨርቁን መጀመሪያ ያነሳበት ትልቁ የእንጨት ካሜራ አለ። ጥቁሩና ነጩ በተገለበጠው የፎቶ መስታወት ላይ የሰው ፊት ቁልጭ ብሎ ሲወጣለት ደንግጦ ነበር። ሴትየዋንም ይዘሻቸው ሂጂ። የዚያን ቀን እራቱን ልጅየው ይሥራ።