ሣጥኑን ባንኮኒ ላይ ከማስቀመጣችሁ በፊት

ካፌ የከፈተች አንዲት ወጣት ሰሞኑን እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ። «ጋሼ፣ ለልብ ሕሙማን ሕፃናት የገንዘብ ሣጥን ላስቀምጥ አስቤያለሁ። የምትገኘው ትንሽ ብር ናት። ይረባል?»

ይረባል እንጂ! ግን ጥያቄዋ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ፤ ለሁላችሁም ልጻፈው።

አዲስ አበባ አንድ ኬክ ቤት ውስጥ በሒሳብ ሠራተኝነት አገልግያለሁ። ባለቤቱ ሣጥን ያስቀመጡት ልጆቻችን ለልብ ቀዶ ሕክምና ውጭ አገር በሚላኩበት ዘመን ነው። ዶክተር በላይ አበጋዝ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃውን የመሠረቱት በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ያለው የልብ ሕክምና ማዕከል የተከፈተው ግን በ2001 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ ስንቱ ሰው ሳይሰለች አዋጥቷል! እኛ ቤት ቅዳሜ ማታ ሣጥኑ ይከፈትና ስሙኒው ለብቻ፣ ሽልንጉ ለብቻ ይደረደራል። አስተናጋጆቹ ከጉርሻቸው ይጨምሩበታል። ዛሬም የሳንቲም ድምፅ ስሰማ ደስ ይለኛል።

ማዕከሉ ከተከፈተ በኋላ ነው፣ አንድ ቀን ከሰዓት አንዲት እናት ልጇን አዝላ ገባች። ልጁ የመታዘል ዕድሜው አልፏል፤ ሰባት ስምንት ዓመት ይሆነዋል። ጥቂት ሲራመድ ትንፋሽ ያጥረዋል። ጫማው ዓይኔ ላይ አለ። የላይኛው ቆዳ አርጅቶ ተሰነጣጥቋል፤ ሶሉ ግን አላለቀም።

ከወሎ ገጠር ነው የመጡት። ሣጥኑ ላይ ያለውን የሕፃን ፎቶ እያየች «ቀጠሯችን ገና ነው፤ ማደሪያ የለንም» አለች።

ባለቤቱ ጨዋ ሰው ነበሩ። ለሕክምና የተሰጠ ብር ለሌላ አይነካም ብለው ከኪሳቸው አወጡ፣ እኛም አዋጣን። ልጁ ኬኩን ትቶ ዳቦውን በሻይ እየነከረ በላ። ያዋጣነው ለጥቂት ቀን አልጋ በቃ። በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ ሲሉ ሰማሁ። ለቀጠሮው ይድረሱ አይድረሱ እስከዛሬ አላውቅም።

ይኼ ነው የሚቆጨኝ። ለቀዶ ጥገናው ሁሉም እጁን ይዘረጋል፤ ለአውቶቡስና ለአልጋ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። ሕክምናው ደግሞ በአንድ ቀን አያልቅም። ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ልቡን የጎዳበት ልጅ በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ለዓመታት ይወጋል። የብረት ቫልቭ፣ ማለትም ሰው ሠራሽ የልብ በር፣ የገባለት ዕድሜ ልኩን የደም ማቅጠኛ ይወስዳል፣ በየጊዜውም ደሙን ይመረመራል። ይህ ሁሉ መንገድ ነው፣ የትራንስፖርት ወጪ ነው፣ ከሥራ መቅረት ነው።

ለሚሰበሰበው ብር ደረሰኝ ስለ መያዝ አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ። የዘንድሮ ልጆች ግን ቸኩላችሁ ትጀምሩና ቶሎ ትሰለቻላችሁ። ቼክ ሲሰጥ ፎቶ ትነሣላችሁ፤ በዓመቱ የላችሁም። ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ በቲክቶክ በአንድ ሌሊት የምትሰበስቡትን እኛ በስንት ዓመት አላገኘነውም። ቀጥሉበት። ብቻ ወር በወር የምትመጣ ትንሽ ብር ሆስፒታሉ ቆጥሮ የሚያቅድባት ናት።

እና ልጄ፣ መጀመሪያ ሆስፒታሉ ሄደሽ ሶሻል ወርከሯን አነጋግሪ። የትኛው ቤተሰብ በምን ምክንያት ከቀጠሮ እንደሚቀር ትነግርሻለች። ከዚያ ሣጥኑ ላይ በትልቁ ጻፊው፦ «ለሕክምና፣ ለማደሪያና ለመጓጓዣ»።