«ጢንዚዛዋ ከኢትዮጵያ ተመዝግባ አታውቅም ተባልኩ፣ ይሄ ስራ ይሆነኛል?» ላለችኝ ልጅ

እህቴ፣ መልእክትሽን ሁለቴ ነው ያነበብኩት፣ መጀመሪያ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ከዛ ማታ ቤት ቁጭ ብዬ። ሌሎቹም እንዲገባቸው በአጭሩ ልድገመው፤ ያለሽው አርባ ምንጭ ነው፣ ባዮሎጂ በዲግሪ ከጨረስሽ ስምንት ወር ሆኖሻል፣ ማታ ማታ በረንዳው መብራት ላይ የሚያርፉትን ነፍሳት በስልክሽ እያነሳሽ አይናቹራሊስት የሚባለው ሰዎች ፎቶ አይተው ፍጥረት የሚለዩበት ድረገጽ ላይ ትለጥፊያለሽ፣ አንድ የውጭ ሰው አንዷን ትንሽ ጢንዚዛ አይቶ «ይቺ ከኢትዮጵያ ተመዝግባ አታውቅም» ብሎ ጻፈልሽ፣ ከዛን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለም። እናትሽ ደግሞ «ያስተማርኩሽ ትል እንድትለቅሚ ነው?» እያሉ ለባንክ ፈተና ተመዝገቢ ይሉሻል። ጥያቄሽ ይሄ ነገር እንጀራ ይሆናል ወይ ነው።

እቅጩን ልንገርሽ፣ «አዲስ ነፍሳት ፈላጊ» ተብሎ ደሞዝ የሚቆረጥበት መደብ የለም። ነፍሳት መለየት የሚችል ሰው የሚቀጥሩ ቦታዎች ግን አሉ፣ እነሱ ጋ የምታስገባሽም ጢንዚዛዋ አይደለችም፣ ጢንዚዛዋን እንዴት አድርገሽ እንዳስመዘገብሻት ነው። እኔ አሁን ሲቪ ሳርምና ልጆችን ኢንተርቪው ሳለማምድ ነው የምውለው እንጂ ከዛ በፊት ሶስት አመት ላብራቶሪ ውስጥ ነፍሳት በፒን ስወጋ ኖሬያለሁ፣ ስለዚህ ትንሽ ካረዘምኩብሽ ይቅርታ፣ የድሮ ፍቅሬን ነው የነካሽው።

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራው። ለሳይንስ አዲስ ሲባል አለም ላይ ማንም ስም ያላወጣላት ማለት ነው። ለሀገር አዲስ ሲባል ደግሞ ስም አላት፣ ኬንያ ወይ የመን ትታወቃለች፣ እኛ ጋ ግን አየሁ ብሎ የጻፈ ሰው የለም። ያንቺ ሁለተኛው ነው፣ እሱም ከተረጋገጠ። ሰውየው «የለም» ያለሽ ጂቢፍ የሚባለውን ትልቁን የአለም ዳታቤዝ አይቶ ከሆነ ብዙም አትመኚ፣ እዛ የሌለው ነገር'ኮ ኮምፒውተር ውስጥ ያልገባ ነው እንጂ ያልተጻፈ አይደለም። የኛ ሀገር የድሮ የነፍሳት ጽሁፍ በጣልያንኛም በጀርመንኛም በእንግሊዝኛም ተበታትኖ ነው ያለው። በ1870ዎቹ አንኮበር አጠገብ ጣቢያ የነበራቸው አንቲኖሪና ጓደኞቹ የሰበሰቡት ጄኖቫ ሙዚየም ገባ፣ ሂው ስኮት የሚባለው እንግሊዛዊ ኢንቶሞሎጂስት (የነፍሳት ተመራማሪ ማለት ነው) በ1926 እና 27 መጥቶ የሰበሰበው ለንደን ሄደ (ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ስለ አቆጣጠር በኋላ እመለስበታለሁ)። ስለዚህ ስትፈልጊ «ኢትዮጵያ» ብለሽ ብቻ አታቁሚ፣ «አቢሲኒያ» በዪ፣ «ሐረር» በዪ፣ ሸዋን በጣልያኖቹ አጻጻፍ ሞክሪ፣ ባዮዳይቨርሲቲ ሄሪቴጅ ላይብረሪ የሚባለው ድረገጽ ላይ የድሮዎቹ መጽሄቶች በነጻ ተጭነዋል፣ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ቁጭ ብለሽ አንድ ሳምንት ብትጨርሺበት አይቆጭሽም።

ደሞ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው ኤርትራ ናት፣ የድሮ መጽሀፍ «ኢትዮጵያ» ሲል ምጽዋ ወይ ከረን ላይ የተያዘ ሊሆን ይችላል፣ ቦታውን ሳታዪ አትቁጠሪው። ሁለተኛው የባሰ ነው፣ የድሮ የእንስሳት ጂኦግራፊ ሊቃውንት ከሰሃራ በታች ያለውን አፍሪካ ጠቅላላ «የኢትዮጵያ ክልል» ነበር የሚሉት፣ አሁን አፍሮትሮፒካል የሚባለውን ማለት ነው። እኔ ይሄን ሳላውቅ አንዲት የደቡብ አፍሪካ ጢንዚዛ የኛ ናት ብዬ ለአለቃዬ እየሮጥኩ ሄጄ ያሳየሁት ቀን ሰውየው የሳቀው ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ከዛ ፎቶው። ፎቶ ጥሩ ነው፣ ይጠቁማል፣ ለቢራቢሮ አንዳንዴም ይበቃል፣ ለትንሽ ቡናማ ጢንዚዛ ግን አይበቃም። ብዙዎቹ ጢንዚዛዎች የሚለዩት ወንዱን ከፍተሽ ብልቱን በማይክሮስኮፕ አይተሽ ነው (ይሄን ለእናትሽ አትንገሪያቸው)። ስለዚህ ነፍሳቷ ራሷ ታስፈልጋለች፣ ከአንድ በላይ ብትሆን ይመረጣል፣ ፍሪዘር ውስጥ አንድ ቀን ብታሳድሪያት ይበቃል ሌላ መርዝ አያስፈልግም። የአንዷን እግር ለዲኤንኤ ለይተሽ ከ95 ፐርሰንት በላይ የሆነ ኤታኖል ውስጥ አስቀምጪ፣ አረቄ ውስጥ የከተተ ልጅ አውቃለሁ፣ አረቄ ውሃው ይበዛል ዲኤንኤውን አያቆይልሽም፣ ልጁም የተረፈውን ምን እንዳደረገው አላውቅም ሃሃ። ሌላውን በፒን ወግተሽ ናፍታሊን ያለበት ሳጥን ውስጥ፣ ናፍታሊኑን እንዳትረሺ፣ የደረቀ ነፍሳት የሚበሉ ደርመስቲድ የሚባሉ ጢንዚዛዎች አሉ፣ የኔን የመጀመሪያ አመት ልፋት በአንድ ክረምት ዱቄት አድርገውልኛል፣ ሳጥኑን ስከፍት የቀረልኝ ፒንና ወረቀት ብቻ ነበር።

ወረቀቱ ካልኩ አይቀር፣ ሌብል ላይ ነው ሰው የሚታወቀው። እኔ ከሰራሁባቸው ቦታዎች አንዱ (ስሙ ይቅር) አንድ ሙሉ መሳቢያ «2001» የሚል ሌብል የተለጠፈባቸው ነፍሳት ነበሩት፣ በእኛ 2001 ይሁን በፈረንጅ 2001 የሚያውቅ ሰው የለም፣ የሰበሰበው ሰውዬ ጡረታ ወጥቷል። ሰባት ስምንት አመት ልዩነት'ኮ ነው! አንድ ተባይ ሀገር ውስጥ መቼ ገባ ለሚል ጥያቄ ያ መሳቢያ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ቀኑን በፈረንጅ ጻፊ፣ ወሩን ደግሞ ኢንቶሞሎጂስቶች እንደሚያደርጉት በሮማን ቁጥር አድርጊው፣ ያኔ ቀንና ወር አይምታታም። ቦታውን በስም ብቻ አትተይው፣ ናዝሬት አዳማ ሆኗል ደብረ ዘይት ቢሾፍቱ ሆኗል፣ ከስልክሽ ጂፒኤሱንና ከባህር ጠለል በላይ ስንት ሜትር እንደሆነ ጨምሪ፣ በመብራት ነው የያዝሻት ወይስ ቅጠል ላይ፣ ማን ያዛት፣ በቃ። አራት መስመር ነው፣ ግን አራቱን መስመር በትክክል የሚጽፍ አመልካች ስንት እንደሆነ ብነግርሽ አታምኚኝም።

አሁን ይሄ ሁሉ ለምን እንጀራ እንደሚሆን ላሳይሽ። የቀብሪደሃርን ትንኝ ታውቂያለሽ? እኛ ወባ ስንል ገጠር፣ ረግረግ፣ ክረምት ሲወጣ ነው የሚታየን። በ2016 (ይሄም በፈረንጅ ነው፣ ከዚህ በኋላ የምጠራቸው አመቶችም) ሶማሌ ክልል ቀብሪደሃር ላይ ከተያዙት ትንኞች መሀል አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባል ወባ አስተላላፊ ተገኘች፣ የእስያና የአረብ ሀገር ትንኝ፣ ከተማ መሀል በርሜልና ሮቶ ውስጥ የምትፈለፈል፣ በጋ የማያቆማት። አፍሪካ ውስጥ መጀመሪያ የታየችው ጅቡቲ ነው በ2012፣ ከኢትዮጵያ ግን እስከዛ ቀን ሪከርድ የላትም።

እዚህ ጋ ቆም በዪልኝ። ነፍሳት የሚለየው በኪይ እንደሆነ ተምረሻል፣ እግሯ ላይ ቀለበት አለ ወይስ የለም እያለ ከአንዱ ቁጥር ወደሌላው እየመራ ስም ላይ የሚያደርስሽ። የአፍሪካን አኖፌለስ (የወባ ትንኞቹን ወገን) ሁሉም ሰው የሚለይበት ኪይ የ1987 ነበር፣ ስቴፈንሲ ደግሞ ያኔ አፍሪካ ውስጥ ስለማትታወቅ እዛ ውስጥ የለችም። ኪይ «አላውቃትም» ብሎ አይመልስሽም'ኮ፣ ደረጃ በደረጃ በታማኝነት ተከትለሽው ብትሄጂ የለመድናት የአፍሪካ ወባ ትንኝ፣ የአኖፌለስ ጋምቢያዬ ቤተሰብ ጋ አድርሶ ስም ሰጥቶ ይሸኝሻል፣ አንቺም ጽፈሽ ፋይሉን ዘግተሽ ቤትሽ ትገቢያለሽ። ሀገር ውስጥ አዲስ የገባን ነገር የሚያገኘው ኪዩ ስም ከሰጠው በኋላም «ቆይ፣ እነዚህ ነጠብጣቦች ከዚህ መግለጫ ጋር አይሄዱም» ብሎ የሚጨቃጨቅ ሰው ነው። የቀብሪደሃሯ በመልኳም በዲኤንኤዋም ተረጋገጠች፣ በ2018 የምስራቁን ከተሞች ሲያስሱ ብዙዎቹ ላይ ተገኘች፣ በ2020 እሷን የጨመረ አዲስ ኪይ ታተመ፣ በ2022 ድሬዳዋ ላይ በበጋ የወባ ወረርሽኝ ሲነሳ ደግሞ ከሷ ጋር ተያይዞ ተገኘ። ዛሬ ሮቶ እየከፈቱ እጭ የሚቀዱ፣ ስቴፈንሲን ከሌላው የሚለዩ ልጆች ደሞዝተኛ ናቸው። አንዲት የሀገር ሪከርድ ናት ያን ሁሉ ያስከተለችው።

ስለዚህ ጢንዚዛዋን ውደጃት ግን በጀት ያለው ነፍሳት ላይ ተጠጊ። በጀት ያለው የት ነው? ሰው የሚያሳምም፣ ሰብል የሚበላ፣ ወይ ኤክስፖርት የሚያስመልስ። ወባውን ነገርኩሽ። ሰብል ላይ ተምቹን አስታውሺ፣ የአሜሪካው መጤ ተምች በ2016 ምእራብ አፍሪካ ታየ ሲባል በ2017 እኛ በቆሎ ላይ ነበር፣ ገበሬው በእጁ ሲለቅም ነው የከረመው፣ ከነባሩ ተምች በግንባሩ ምልክትና በጅራቱ ነጥብ ለይቶ የሚያሳየው ሰው ነበር የጠፋው። የግብርና ምርምር ማእከሎች የሰብል ጥበቃ ክፍል አላቸው፣ አምቦ ያለው በነፍሳት ክምችቱ የታወቀ ነው። ግብርና ባለስልጣን የእጽዋት ኳራንታይን አለው፣ ኤርፖርትና ድንበር ላይ ከእቃ ጋር የሚገባውን የሚያይ፣ ስለዚህኛው ልጆች ብዙ አያውቁም። የአበባ እርሻዎች ደግሞ ስካውት ይቀጥራሉ፣ ግሪን ሀውስ እየዞሩ ቅጠል እያገላበጡ ተባይ የሚቆጥሩ፣ ጽጌረዳ ውስጥ ፎልስ ኮድሊንግ ሞዝ የምትባለዋ የእሳት እራት ትል ከተገኘች አውሮፓ ላይ ጭነቱ ችግር ውስጥ ይገባል። ስካውትነት ደሞዙ አያኮራም፣ ግን አንድ አመት ብትሰሪ በየቀኑ አይንሽ የሚሰለጥነውን ማስተርስ አይሰጥሽም።

ማስተርስ ካሰብሽ አዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ኢንሴክት ሳይንስ አለ፣ ጅማ ሜዲካል ኢንቶሞሎጂ አለ፣ ሰብሉ ላይ ሀረማያ። ዶክትሬት ገና ነው ግን ናይሮቢ ያለውን ኢሲፔን ስሙን ያዢው፣ ከ1970 ጀምሮ ነፍሳት ላይ ብቻ የሚሰራ ተቋም ነው፣ አዲስ አበባም ቢሮ አለው።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ እንዳላልፍ፣ ሰውየው «ናሙናዋን ላኪልኝ» ካለሽ እሺ እንዳትዪ! በፖስታ አሽገሽ እንዳትልኪ። የጄኔቲክ ሀብት አዋጅ አለን፣ 482/1998 (ይሄ አመት ብቻ በእኛ አቆጣጠር ነው)፣ ከሀገር የሚወጣ ናሙና በብዝሀ ህይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ነው የሚወጣው። ነጭ ሳር ፓርክ ውስጥ ገብተሽ መሰብሰብም የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለስልጣንን ፈቃድ ይጠይቃል፣ በረንዳሽ ላይ ማንም አይጠይቅሽም። ጢንዚዛዋ መቀመጥ ያለባት ሌላ ተመራማሪ መጥቶ ሊያያት የሚችልበት ቦታ ነው፣ ለምሳሌ አራት ኪሎ ያለው የዩኒቨርስቲው የእንስሳት ሙዚየም፣ ያንቺ ቁምሳጥን ውስጥ ከሆነች እንደሌለች ቁጠሪያት። ለግቢሽ የዙኦሎጂ አስተማሪዎች አሳዪና ከአንዱ ጋር አብራችሁ አጭር ሪከርድ (እዚህ ሀገር ተገኘች የሚል የሳይንስ ጽሁፍ) ጻፉ፣ ሁለት ሶስት ገጽ ነው፣ ስምሽ መጀመሪያ ላይ እንዲሆን ከመጀመራችሁ በፊት ተነጋገሩ፣ ከጨረሳችሁ በኋላ የሚነሳ ወሬ ጥሩ አይሆንም። ያቺ ሁለት ገጽ ሲቪሽ ላይ ከዲግሪ ውጤትሽ በላይ ትናገራለች።

የባንኩን ፈተና ደግሞ ተፈተኚ። ምን ችግር አለው? እናትሽን አታስከፊ፣ ብታልፊ ደሞዝ ነው፣ የማስተርስ ማመልከቻና ትራንስፖርት የሚከፈለው በብር ነው፣ መብራት ላይ የሚመጡት ነፍሳት ደሞ ባንክ ከተዘጋ በኋላ ነው የሚመጡት። ከሁለት አመት በላይ ግን እዛ አትቆዪ፣ ብዙ ልጆች አይቻለሁ «ለጊዜው» ብለው ገብተው የቀሩ።

ለአሁኑ ይቺን አድርጊ። ሰውየውን «በየትኛው ባህሪዋ ለየሃት፣ ከየትኛው ጽሁፍ ጋር አስተያየሃት» ብለሽ ጠይቂው፣ መልስ ካለው ሰውየው ቁምነገረኛ ነው፣ ከሌለው ገምቶ ነው። መብራቱ ስር ነጭ አንሶላ ስቀዪ፣ ጨረቃ የሌለችበት ማታ ይሻላል፣ ሶስት አራት ጢንዚዛ እስክታገኚ ድረስ ጠብቂ። ሰፈርሽም የማንጎ ሀገር ነው፣ በዛው ቀን ላይ የጎረቤት ማንጎ ቅጠል እያገላበጥሽ እዪ፣ በ2010 ወለጋ ላይ የታየችው ነጯ የማንጎ ስኬል የምትባለው ተባይ ምን እንደምትመስል ኢንተርኔት ላይ አይተሽ ከሷ ጋር አስተያዪ፣ ለልምምድ ነው። ከዛ ጻፊልኝ፣ ከሲቪሽ ጋር የአንዷን ሌብል ፎቶ አንስተሽ አያይዢልኝ፣ ቀኑን በየትኛው ካሌንደር እንደጻፍሽው ነው መጀመሪያ የማየው።