ሳሎን ውስጥ ያለች ባሕር፦ ጥያቄና መልስ ከጅማ

ጅማ ውስጥ 200 ሊትር የጨው ውሃ ገንዳ ሳሎኔ ላይ ካስቀመጥኩ ስድስት ዓመት አለፈ። ጥቂት ኮራል፣ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖረው የባሕር እንስሳ፣ እና ክሎውንፊሽ የሚባሉ ሁለት ዓሦች አሉበት። ቡና ሊጠጣ የመጣ ሁሉ አንድ ጥያቄ ሳይጥልብኝ አይወጣም። ሰሞኑን ራሴው «ጠይቁኝ» ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ከየሰፈሩ እንደ ሐምሌ ዝናብ ወረደ።

ከመንደራ፦ ጋሼ፣ የወጥ ጨው በውሃ ቢሟሟ አይሆንም? ርካሽ ነው።

አይሆንም ወንድሜ። የወጥ ጨው አዮዲን የተጨመረበት ሶዲየም ክሎራይድ ነው። የባሕር ውሃ ግን ማግኒዚየምም፣ ካልሲየምም፣ ፖታሲየምም አለው። ኮራል አጽሙን የሚሠራው ከካልሲየም ካርቦኔት ነው። ካልሲየም ከሌለ በምን ይሥራ? ለአኳሪየም ተብሎ የተዘጋጀውን ጨው ፈልግ፤ እኔ ከውጭ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ነው የማስመጣው። መጠኑ በሊትር 35 ግራም ገደማ ነው። ለአንድ 20 ሊትር ጀሪካን 700 ግራም አካባቢ ይገባል። ከዚያ ጨውነቱን በሪፍራክቶሜትር፣ በጨው መለኪያው ዕቃ፣ ለካው። በምላስ አይለካም፤ ሞክሬዋለሁ።

ከቦሳ ኪቶ፦ ጅማ ዝናብ ሞልቷል። ለምን ውሃ ማጣሪያ እገዛለሁ?

እኔም እንዳንተ አስቤ በርሜል ደቅኜ ነበር። ችግሩ ቆርቆሮው ነው። የጣሪያ ቆርቆሮ ዚንክ ተቀብቷል፤ ዝናቡ እያጠበ ያወርደዋል። ዚንክና መዳብ ደግሞ ለኮራልና ለሽሪምፕ መርዝ ናቸው። የቧንቧውም ውሃ ክሎሪን አለበት። አር.ኦ (ሪቨርስ ኦስሞሲስ) የሚባለውን፣ ውሃውን በስስ ወንፊት ገፍቶ የሚያጣራውን ማጣሪያ ግዛ። አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ሲሰጥህ ሦስትና አራት ሊትር ይደፋል፤ በዚያ ልብስ ይታጠብበታል።

ከአጂፕ፦ ውሃው በየቀኑ ይቀንሳል። የጨው ውሃ እየጨመርኩ ነው፤ ኮራሉ ግን ተኮማተረ።

እህቴ፣ ያኮማተረው እሱ ነው። የሚተነው ውሃው እንጂ ጨው አይደለም። ጨው በጨው ላይ ስትጨምሪ ይከርራል። የጎደለውን ጨው በሌለው የተጣራ ውሃ ሙዪው። መስታወቱ ላይ በእስክሪብቶ መስመር አስምሪና ጠዋት ጠዋት እስከዚያ ሙዪ። አሁን የከረረውን ግን በአንድ ቀን አታውርጂው፤ በብዙ ቀን ቀስ በቀስ ይሁን።

ከፈረንጅ አራዳ፦ መብራት ሲጠፋ ምን ታደርጋለህ?

ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። ብዙ ሰው መብራት ሲጠፋ የሚጨነቀው ለአምፖሉ ነው። አምፖሉ ይቆይ፤ ኮራል አንድ ቀን ጨለማ ቢውል አይሞትም። የሚገድለው የፓምፑ መቆም ነው። ውሃው ካልተንቀሳቀሰ አየር አያገኝም። ጅማ ደግሞ ከ1,700 ሜትር በላይ ነች፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ በአንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚያንስ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ሙቅና ጨዋማ ውሃ ደግሞ ከመጀመሪያውም ብዙ አይዝም።

አንድ ጊዜ ለቅሶ ሄጄ ማታ ስመለስ መብራት ከጠፋ ሰዓታት አልፎታል። ሦስት ዓሣ ነበረኝ። ሦስቱም አፋቸውን ወደ ላይ አድርገው አየር ይውጣሉ። ጣሳ አነሳሁና ውሃውን እየቀዳሁ ከከፍታ መልሼ አፈስ ጀመር፣ ልክ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው። እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት። አንዱ ግን አልተረፈም። በማግስቱ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ አስላክሁ። ኢንቨርተር ካላችሁም መጀመሪያ ከእሱ ጋር የሚገናኘው የውሃ ማንቀሳቀሻው ፓምፕ ይሁን። መብራት እስኪመጣ ምግብ አትስጡ።

ከዚያው ከፈረንጅ አራዳ፦ ማሞቂያስ?

የኅዳር ሌሊት ይበርዳል፤ ያስፈልጋል። ውሃው ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ይሁን። ለ200 ሊትር አንድ ባለ 200 ዋት ከመግዛት ሁለት ባለ 100 ዋት ይሻላል። አንዱ አልጠፋ ቢል ዓሣውን አይቀቅለውም።

ከቆጪ፦ ገንዳው ተሞልቷል። ነገ ዓሣ ላስገባ?

ነገ አይደለም። የዓሣ ቆሻሻ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያ ደግሞ ዓሣውን ይመርዛል። እሱን የሚበሉት ባክቴሪያዎች ድንጋዩ ላይ እስኪሰፍሩ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። በመመርመሪያ ለካ፤ አሞኒያና ናይትራይት (ባክቴሪያዎቹ አሞኒያውን ሲበሉ የሚወጣው ሌላ መርዝ) ዜሮ ሲሆኑ አንድ ዓሣ አስገባ። አንድ።

ስሙ ይቆይ፦ ጠቅላላ ስንት ፈጀብህ?

ባለቤቴ ይህን ታነባለች። ቀጣይ።

ከሄርማታ፦ ልጄ፣ ቤት ውስጥ ቡና ማፍላት ዓሣውን አይጎዳም?

እትዬ፣ ጥሩ አድርገው ጠየቁ። እሑድ እሑድ ሰው ሲሰበሰብ የውሃው ፒኤች፣ የአሲድነቱ መለኪያ ማለቴ ነው (ሲወርድ አሲዱ ጨመረ ማለት ነው)፣ ከ8.1 ወደ 7.8 ይወርድብኝ ነበር። ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ ምክንያቱን ለማግኘት። ለካ ከከሰሉና ከሰዉ እስትንፋስ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ስኪመሩ፣ ቆሻሻውን በአረፋ የሚያወጣው ዕቃ ማለቴ ነው፣ አየር የሚስበው ከሳሎኑ ነበር። ቡናውን አልከለከልኩም፤ ጅማ ተቀምጦ ማን ይከለክላል! የስኪመሩን የአየር ቱቦ በመስኮት አወጣሁት። አሁን ሦስተኛው ላይ ተደርሶም 8.1 ነው።